ሙሽሪትና የወይራው ዳገት ገፊዎች

ኅዳር ፫ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.፣ እሑድ

ዛሬ የሙሽሪት ትንፋሽ ተቋረጠ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዕለት ማስታወሻ መያዝ ትቼ ነበር፤ በሰላም የሚኖር ሰው ምን ይጽፋል? ዛሬ ግን ብዕሬን ከመሳቢያ ፈልጌ አነሣሁ።

ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን አስቀድሼ ስመለስ፣ የወይራው ዳገት ወገብ ላይ አንድ ጊዜ አስነጠሰች፤ ነጭ ጭስ ለቀቀች፤ ዝም አለች። ከኋላ ይገፉኝ የነበሩት ሰዎች ሞተሩ መሞቱን አላወቁም፤ እየዘፈኑ እስከ ዳገቱ ራስ አወጡኝ። ቤቷ ከዳገቱ ግርጌ የሆነው የገፊዎቹ አለቃ የሻረግ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች መጥታ በሩ ላይ ተደገፈች።

«መምህር፣ ዛሬስ ከበደች። ምን ጭነው ነው?»

«ዕድሜ።»

«የእርስዎን ነው የእርሷን?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው ባይኖርም፣ ሙሽሪትን ለማያውቃት ሰው እንደማስተዋውቅ ሆኜ ልጻፍ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ የጣሊያን ሥራ የስፖርት መኪና ናት። በ፲፱፻፷፬ ዓ.ም. አስመራ የአማርኛ መምህር ሳለሁ ገዛኋት። ያን ጊዜ እንደ ትኩስ በርበሬ ትቀላ ነበር፤ አሁን እንደ ከረመ ድልህ ሆናለች። ለባሕር ዳርቻ አስፋልት የተሠራችውን ፍጥረት እኔ ወደ ተወለድሁበት ወደ ጋይንት ይዣት መጣሁ። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ከቤተ ልሔም ወደ ንፋስ መውጫ በሚያወጣው በወይራው ዳገት አንድም ቀን በራሷ ጉልበት ወጥታ አታውቅም። ስለዚህ ሰው ይገፋታል። ገበያተኛው፣ ተማሪው፣ ዲያቆኑ፣ በመንገዱ ያለ ሁሉ ድምፅዋን ከሩቅ ሲሰማ እጁን ያዘጋጃል። ከዳገቱ ራስ ስንደርስ ከወይራው ሥር እንቀመጣለን፤ ባለቤቴ አልጣሽ በከረጢት የምትቋጥርልኝን ቆሎ እየቆረጠምን ወሬ እንለዋወጣለን፤ የተጣላ ካለም እዚያው ይታረቃል።

ከቤተሰባችንና ከጎረቤታችን የተዳሩት ሴቶች ሁሉ በቤተ ልሔም ተክሊላቸውን ፈጽመው፣ በእርሷ ተቀምጠው፣ በእነዚያ እጆች ተገፍተው ነው የወጡት። ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። በእኛ ዘንድ «ገፍቼሻለሁ» የሚለው ቃል የዝምድና ያህል ነው። የሻረግ ልጄን ምስራቅን ባገኘቻት ቁጥር «አንቺን የገፋሁሽ እኔ ነኝ» ትላታለች፤ ምስራቅም በስድሳ ሰው ፊት ቢሆን ተነሥታ ትስማታለች።

የምስራቅ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ልዕልት፣ ሠርጓ ጥር ፳ ነው።

መኪናይቱን ከወይራው ሥር ትቼ፣ ከዋናው መንገድ እስከ ቤቴ በር ያለችውን አቀበት በእግሬ ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ ሰማዩን ተመለከትሁ። ደስ የሚል ሰማይ ነበር።


ኅዳር ፭

ናትናኤል መጣ። ከንፋስ መውጫ ዳር ጋራዥ ያለው፣ ልዕልትን የሚያገባው ልጅ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፤ ቀና አለ፤ እንደገና ጎንበስ አለ። ሐኪም ለቤተ ዘመድ ከመናገሩ በፊት እንዲሁ ያደርጋል።

«አባባ፣ የሞተሩ ራስ ተሰንጥቋል። ፒስተኖቹም ተበልተዋል። የዚህ ሞተር ዕቃ አሁን የትም አይገኝም።»

«አስመራ …»

«አስመራማ ድንበሩ ተዘግቷል አባባ።»

ረስቼው አይደለም።


ኅዳር ፲፣ እሑድ

ምሳ ላይ ልዕልትና ናትናኤል በዓይን ይጠቃቀሱ ነበር። በመጨረሻ ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባባ፣ ሌላ ሞተር እንግጠምላት። ከተገለበጠ አዲስ የጃፓን መኪና የወጣ ባሕር ዳር አለ። ሦስት ሲሊንደር ብቻ ነው፤ ግን ቱርቦ አለው።»

«ቱርቦ ምን ያደርጋል?»

«ሞተር የሚያስወጣው ጭስ ጉልበት አለው፤ ዝም ብሎ ይባክናል። ቱርቦ እንደ ትንሽ ወፍጮ ነው። የሚወጣው ጭስ ያዞረዋል፤ እሱ ደግሞ እየዞረ ንጹሑን አየር ጨምቆ ወደ ውስጥ ያስገባል። አየሩ በሳሳበት አገር እንኳ ቆላ የወረደ ያህል ይተነፍሳል።»

«የወጣው ትንፋሽ የሚገባውን ይረዳዋል ማለት ነው?»

«ልክ እንደሱ!»

የቆረስሁትን እንጀራ ሳልጎርስ በእጄ ያዝሁት። ስለ መኪናይቱ እያሰብሁ ነበር።

አልጣሽ ወጥ እየጨመረችልኝ፣ «አንቱም እንዲያ ያለ ወፍጮ ካሻዎት ናትናኤልን ይጠይቁት» አለች። «የደብረ ታቦሩ ሐኪም የሰጠዎት ቀጠሮ እንደሆነ ሁለቴ አልፏል።»

«ከሠርጉ በኋላ» አልሁ።

«መኪናዋ ከሠርጉ በፊት፣ ባለቤቷ ከሠርጉ በኋላ!»

ልጆቹ ወደ ሳህናቸው አቀረቀሩ። ናትናኤልን አስቤ እነግርሃለሁ አልሁት። ሌላ ልብ የገባላት ሙሽሪት ሙሽሪት ናትን? ከዚህ ጥያቄ ጋር ወደ መኝታዬ እሄዳለሁ። ደጋግሜ ወደ ጎን ስለምገላበጥ አልጣሽ ሌላ ትራስ ጨመረችልኝ። ከፍ ብሎ መተኛት ይሻለኛል፤ ለማሰብ።


ኅዳር ፲፯

በባጃጅ ወደ ቤተ ልሔም ወረድሁ። የሻረግ ከአውድማዋ ቀና ብላ በባጃጅ ሳልፍ አየችኝ፤ የሰው ዶሮ ይዞ የተገኘ ሰው ያህል አፈርሁ።

የሄድሁት መሪጌታ ገብረ ሚካኤልን ላማክር ነው። ድጓ አብረን ጀመርን። እሳቸው እዚያው ቤተ ልሔም አስመስክረው፣ የድጓ መምህርነት ማዕረግ ተቀብለው፣ አገሩን ሁሉ ሲያስተምሩ አረጁ፤ እኔ ሳላስመሰክር ወደ አስኳላ ኮበለልሁ። በልጅነታችን እንደ ለመድነው አሁንም አንተ ይሉኛል፤ እኔም በቃል አንተ፣ በጽሑፍ አንቱ እላቸዋለሁ። ከዕቃ ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልቧ ሌላ ከሆነ እርሷው ናት ይባላል?» አልኋቸው።

«ይህ ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ ሣር ነበረ። አሁን ቆርቆሮ ነው። ስሙን ለወጥነው?»

«ጣሪያና ልብ አንድ ነው እንዴ?»

«እሺ። አዲስ ልብ ስጠኝ ብለህ አትጸልይም?»

«እጸልያለሁ።»

«ቢሰጥህ ስምህን ልትለውጥ ኖሯል?»

የጉባኤ ቤቱ አፈ ጉባኤ ከሆኑ ሰው ጋር መከራከር እንዲህ ነው። እሳቸው ግን ድል ካደረጉ በኋላም መምታት አይተዉም።

«ደግሞ አንተ ስለ ክሕደት የምታወራ፣ እኛ ስንገፋ አንተ መሪ ይዘህ ተቀምጠህ አረጀህ። አንድ ቀን ገፍተሃታል?»

«ነጂ እንዴት ይገፋል?»

«እሱን ነው የምልህ» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። እስከ በሩ ሲሸኙኝ እርምጃቸውን ከእኔ ጋር አስተካከሉ። በልጅነታችን እንዲህ አዝግመው አያውቁም፤ አርጅተዋል።

ማምሻውን ለናትናኤል ደወልሁ። አምጣው አልሁት።


ኅዳር ፳፮

በጥድፊያ። ሞተሩ መጣ። በጭነት መኪና፣ በድንች ጆንያ ተሸፍኖ። ትንሽ ነው! ሁለት ሰው ያነሣዋል። ከጎኑ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ነገር ተጣብቋል፤ ቱርቦው እርሱ ነው። ዳሰስሁት። ቀዝቃዛ። ይህ ነውን ትንፋሽ የሚሰጥ?

አሮጌው ነገ ይወጣል። ከጓሮ ከግራዋው ሥር ይቀመጥ ብያለሁ። ብረት ለሚገዛ ሰው የሚሰጥ ካለ ከእኔ ጋር አይነጋገርም።


ታኅሣሥ ፬

ከናትናኤል ጋር ተጣላሁ። ቀስ ብዬ ልጻፈው፤ የተቆጣሁት እኔ ስለሆንሁ።

ሞተሩ ገብቷል፤ ኮፈኑ ግን አልዘጋ አለ። ቱርቦው ከፍ ይላል። ልጁ ኖራ ይዞ ኮፈኑ ላይ ክብ ሣለ።

«እዚህ ጋ ቆርጠን ብናወጣው …»

«ፊቷን?»

«ትንሽ ነው አባባ፣ እንደ …»

«ከፊቷ ላይ እጅህን አንሣ!»

ልዕልት መጣች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከመኪና ሥር የማትወጣ ናት፤ ከናትናኤል ጋር የተዋወቁትም በብሎን ነው። «ሞተሩን ዝቅ ብናደርገው ሆዷ ድንጋይ ይመታል፤ የእኛን ድንጋይ ያውቁታል» አለችኝ። አውቀዋለሁ። ቢሆንም እንቢ አልሁ። ደረቴን ወጠር ስላደረገኝ ገብቼ ተቀመጥሁ፤ ቁጣ አይስማማኝም።

ለሦስት ቀን ጋራዡን አልረገጥሁም። ትናንት አልጣሽ ከጓዳ አንድ ትልቅ የድስት ክዳን ይዛ ወጣች፤ በሠርጋችን ጊዜ እናቷ የሰጧት፣ ለድግስ ካልሆነ የማይወጣ። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጋራዡ ሄደች። ተከተልኋት። ክዳኑን ልጁ በኖራ ከሣለው ክብ ላይ አስቀመጠችው። የተፈጠረለት ይመስል ልክ ሆነ።

«የሚቆረጠውን ቁረጥና በዚህ ክደነው» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይኸውና፤ ፊቷ ላይ የእኔ እጅ ይኑርበት። ይከፋዎታል?»

ናትናኤል ሳቁን ለመደበቅ ከመኪናው ሥር ገባ። እኔም ሳቅሁ፤ እስክንፈነዳ ሳቅን።

ክዳኑ በቀይ ቀለም ተቀብቷል። ወሬው ቤተ ልሔም ሲደርስ መሪጌታ የላኩት ቃል፦ «ቆብ ከጫነችማ ከእንግዲህ ሙሽሪት ሳትሆን እማሆይ ናት።»


ታኅሣሥ ፲፪

ሽቦ። ሽቦ። ሽቦ። ይህ ሞተር ኮምፒውተር አለው ይሉኛል። አሮጌው ካርቡራተርና የእኔ እርግማን ብቻ ነበሩት።

ካምቢዮውም ከአዲሱ ሞተር ጋር አልጋጠም ብሏል፤ ከመካከል የሚገባ ብረት እየተሠራ ነው። ልዕልት እስከ ክርኗ ጥቁር ዘይት ሆና ገባች። ምስራቅ ጮኸችባት፦ «የሙሽራ እጅ እንዲህ ነው?»

«እንሶስላ ነው በያቸው!»


ታኅሣሥ ፳፭

ተነሣች!

«ቁልፉ የእርስዎ ነው» አለኝ ናትናኤል። ተቀመጥሁ። አማተብሁ። አዞርሁ። ምንም የለም። አንዳች ድምፅ አልሰማሁም። ቁልፉን ደገምሁት፤ ከውስጥ አንድ ነገር እንደ ተረገጠ ድመት ጮኸ።

«አባባ! አባባ! ተነሥታለች እኮ! እየሠራች ነው!»

«የታለ ድምፅዋ?»

ልዕልት እጄን ይዛ ወደ ኋላ ወሰደችኝና መዳፌን ከጭስ ማውጫው ፊት አደረገችው። ሞቅ ያለ ትንፋሽ። እንደ ተኛ ሕፃን፣ በጸጥታ ትተነፍሳለች። የድሮዋ ሙሽሪት ስትነሣ ሦስት መንደር ይሰማ ነበር፤ ይህች አጠገቧ ቆሜም አትሰማኝ።

እጄን ከዚያ ለማንሣት ዘገየሁ።


ጥር ፮፣ እሑድ

ይህን ቀን በወግ ልጽፈው ይገባኛል፤ ምክንያቱም በሕይወቴ ከተደሰትሁባቸው ቀኖች አንዱ ነውና።

ከልዕልት ጋር ወደ ቤተ ልሔም ለሙከራ ወረድን። አልጣሽ እንደ ልማዷ የቆሎውን ከረጢት ከእግሬ ሥር አስቀመጠች። አስቀድሰን ወጥተን መሪጌታን ተሳለምንና ለመመለስ ተነሣን። ከወይራው ዳገት ግርጌ ስንደርስ እግሬን ጫን አደረግሁ። ለአፍታ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከአልጣሽ ክዳን ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ፤ ፉጨቱ እየረቀቀ እየረቀቀ ሄደ፤ ወንበሩም ጀርባዬን ገፋኝ።

«ኧረ ቀስ አባባ!»

ቀስ? ከወጣትነቴ ጀምሮ ሌላውን ቀስ በል ስል፣ ቀስ በል ስባል የኖርሁ ሰው! ሙሽሪት ወጣች። በራሷ ወጣች! ስንት ዘመን ሙሉ እያቃሰተች የተጎተተችበትን ድንጋይ ሁሉ እንደ ተራ ነገር ከኋላዋ ጣለችው። ጸጉር የቀረልኝ ያህል ነፋሱ በራሴ ላይ ተጫወተ። ሳላስበው በወጣትነቴ የተውሁትን የድጓ ዜማ አንሥቼ ከልቤ እጮህ ነበር። ልዕልት እየሳቀች እንባዋን ታብስ ነበር። ወይራውን አልፈን፣ ዋናውን መንገድ ይዘን፣ በአንድ ትንፋሽ ቤት ገባን።

አልጣሽ ከበር ቆማ ጠበቀችን። ሁሉን ነገርኋት፤ ሁለት ጊዜ ነገርኋት። እየሰማችኝ ጎንበስ ብላ ከረጢቱን ከመኪናው አነሣች። በእጇ መዘነችው።

«ቆሎው ሙሉ ነው።»

«ምን?»

«ማንም አልገፋ እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው በመስታወቱ ያየሁት ወደ ልቤ የመጣው። ከዳገቱ ግርጌ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱት ሰዎች፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ይጠብቁ ነበር። የሻረግ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ ነበር፤ ለመግፋት ስትዘጋጅ የምታደርገው ነው። ከዚያ አቧራ ሸፈናቸው።

አይቻቸዋለሁ። ሳያቸውም ሰላምታ የሰጡኝ መስሎኝ ክላክስ አድርጌላቸዋለሁ!


ጥር ፰

መሪጌታ ደወሉ። እሳቸው በስልክ ሲናገሩ ማዶ ለማዶ ያሉ ያህል ይጮኻሉ።

«የሻረግ ያለችውን ልንገርህ?»

«ንገረኝ።»

«‹መምህር ከእንግዲህ ሰው አያሻቸውም፤ ልጃቸውን ሞተሩ ይዳርላቸው› ብላለች።»

«ወደ ሠርጉ አይመጡም?»

«ጥር ሃያ አጥር እናጥራለን ብለዋል። ሃያ አባወራ፣ በአንድ ቀን፣ አጥር!»

ልዕልት ከአጠገቤ ቆማ ሰማች። መሰማት የማይቀር ነበር።

«ያልተገፋሁ ሙሽራ ልሆን ነው?» አለች። እናቷን የገፉ፣ አያቷ አልጣሽ ሙሽራ ሆና ወደዚህ ቤት ስትገባ የገፉ ሰዎች። አዲስ ልብ የገባላት መኪና፣ ቆብ የጫነች፣ የምታፏጭ፣ በባዶ ዳገት። በቀረችው የሕይወት ዘመኗ ማንም «ገፍቼሻለሁ» የማይላት ሙሽራ።

ሽማግሌ እልካለሁ።


ጥር ፲፪

ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። በእኔ ወገን መሪጌታ ነበሩ፤ በዳገቱ ሰዎች ወገን የሻረግና ሁለት ሽማግሌዎች። ሌላው ሁሉ «በአጋጣሚ» ሲያልፍ የቆመ ነው፤ የመንደሩ ሰው በሙሉ በአጋጣሚ ያልፍ ነበር።

ቆሜ ጥፋቴን አመንሁ። «ከደስታ ብዛት የሆነ ነው» አልሁ።

የሻረግ ተነሣች። «ደስታውስ የእኛ አይደለም? ይህን ሁሉ ዘመን ትከሻችንን ሰጥተን፣ በራሷ የወጣች ቀን እልል እንኳ ሳንል አቧራ ያለብሱናል?»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። የተቀየሙት ስላልገፉ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወገቡን ያዘ። «እኔን ያጎበጠኝ የእርሳቸው መኪና ነው!»

«አንተስ ከመግፋት መደገፍ ይበዛብህ ነበር» አለችው የሻረግ፤ ሳቁ ጉባኤውን ገለበጠው። ከዚያ በኋላ እርቁ እንደማይቀር አወቅሁ። የቀረው ካሳው ነበር።

«በግ ይታረድ» አሉ መሪጌታ።

«በግ አንሻም» አለች። «መምህር አንድ ቀን ገፍተው አያውቁም። የሠርጉ ዕለት ሞተሩ ይጥፋ፤ ወርደው ከእኛ ጋር ይግፉ። ልጅቱን እንደ እኛ በእጃቸው ያውጧት።»

ጉባኤው በአንድ ድምፅ ደገፈ። መሪጌታ ብቻ ወደ ደረቴ ተመለከቱና፣ «ሌላ ቅጣት ብናይ …» ሊሉ ጀመሩ።

«ተቀብያለሁ» አልሁ ቶሎ ብዬ።


ጥር ፲፭

አልጣሽ ቅጣቱን ስትሰማ ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ከበሩ እስከ ደጁ አራት ጊዜ የሚቆሙ ሰው!» አለች። ሰማይ ለማየት እንደምቆም አስረዳኋት። አላመነችኝም። ቃሌን እንደማላጥፍ ስታውቅ ግን ዝም አለች፤ የእርሷ ዝምታ ደግሞ ሥራ ያለው ዝምታ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጓዳ ውስጥ ከናትናኤልና ከልዕልት ጋር ትንሾካሾክ ነበር። «… በአንደኛ ማርሽ፣ እግርሽን ጫን ሳታደርጊ …» የሚል ሰማሁ። ስገባ ዝም አሉ። ስለ ሙዚቀኞቹ ነው አሉኝ።

ደግሞ በባጃጅ ወደ የሻረግ ቤት ሄዳ መጣች። ሽሮ ላደርስላት ነው አለች። የሻረግ ሽሮ የሚቸግራት ሴት አይደለችም።


ጥር ፲፱

ድንኳኑ ተተከለ። ቤቱ በሰው ሞልቷል። የጎተራውን በር በሁለት እጄ እየገፋሁ ተለማመድሁ። መልካም ነው። ጥቂት ተቀመጥሁ። ሰማዩ ዛሬም ደስ ይላል።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ያ ሁሉ ዳገት። ልጅቱ ተቀምጣበት። ከመካከል ብወድቅባት? አይሆንም። ቃል ገብቻለሁ።


ጥር ፳፩

ትናንት ለመጻፍ ጊዜ አልነበረኝም፤ ጨፍሬ ነበርና።

ልጆቹ በቤተ ልሔም ተክሊላቸውን ፈጽመው ቆርበው ወጡ። እኔ ነዳሁ፤ ልዕልት ከጎኔ፣ ናትናኤልና ሚዜዎቹ በኋላ በሚኒባስ። ከወይራው ዳገት ግርጌ ደርሼ ሞተሩን አጠፋሁ። ሰው የለም። መንገዱ ባዶ፣ ደጃፉ ሁሉ ዝግ። ልዕልት ቬሎዋን በጣቷ ትጠቀልል ነበር።

ከዚያ ከየሻረግ አጥር ኋላ አንዲት ቀጭን እልልታ ተነሣች፤ ከማዶው አጥር ሌላ መለሰላት። በሮቹ ተከፈቱ። ነጭ ለብሰው፣ የወይራ ቅጠል ይዘው፣ እየሳቁ ከየአጥሩ ጎረፉ። ተደብቀው ነበር!

«አጥሩ አለቀ እንዴ?» አልኋት የሻረግን።

«ትናንት ጨረስነው! ውረዱ እንጂ መምህር፣ ምን ይጠብቃሉ?»

ወረድሁ። ልዕልት ቬሎዋን ሰብስባ መሪውን ያዘች፤ ናትናኤል ከሚኒባሱ ወርዶ ከጎኗ ገባ። ሙሽራ ራሷ ስትነዳ ይህ ዳገት አይቶ አያውቅም። የሻረግ በግራዬ፣ መሪጌታ መቋሚያቸውን ለዲያቆን ሰጥተው በቀኜ ቆሙ።

«ሞተሩ ጠፍቷል?» ስትል ጮኸች የሻረግ።

«ጠፍቷል!» አለች ልዕልት፣ ወደ ኋላ ሳትዞር።

«በሉ እንግዲህ! ሆ!»

«ሆ!» አለ ዳገቱ።

ገፋሁ። አምላክ ይመስክርብኝ፣ ከልቤ ገፋሁ። እንዴት ቀላል ናት! ይህን ሁሉ ዘመን ሰው «ከበደች፣ ከበደች» ሲል የኖረው ምን ሆኖ ነው? መዳፌ ገና ሳይጠነክርባት ወደ ፊት ትሄድልኝ ነበር። እንዲያውም አንዳንዴ እኔ እርሷን ለመከተል እርምጃዬን ማፍጠን ነበረብኝ። ዘፈኑ፣ እልልታውና ጭብጨባው ጆሮ አያሰማም። የሻረግ አንድ እጇን ከመኪናይቱ ይልቅ ከእኔ ጀርባ ላይ አድርጋ ነበር፤ ተሳስታ ይሆናል። ከዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ዘገየሁ፤ ሙሽሪትም ዘገየች፤ ስነሣ ተነሣች። እንዲህ ልብ ለልብ ተግባብተን አናውቅም ነበር።

ከወይራው ሥር ደረስን። ልዕልት ወርዳ በቬሎዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አንቺን የገፋሁሽ እኔ ነኝ» አልኋት። እኔ! ይህን ቃል በአፌ የምናገርበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የቆሎው ከረጢት ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። አልጣሽ ቀድማ በባጃጅ ደርሳ ከወይራው ሥር ትጠብቀን ነበር፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ ደረቴን፣ ከዚያ ልዕልትን አየች፤ ልዕልት ጥቅሻ የመሰለ ነገር አደረገች። «ጉልበትዎ ገና ነው» አለችኝ አልጣሽ። ትንፋሼ ያጠረው ጥቂት ብቻ ነበር፤ ያውም ከሳቅ።

መሪጌታ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«አሁን አስመሰከርህ» አሉኝ።

በልጅነቴ ጥዬው ከሄድሁት ቦታ አጠገብ፣ በስተርጅናዬ፣ በመኪና ኋላ ቆሜ። እጃቸውን ተሳለምሁ።

ነገ ደብረ ታቦር ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። አልጣሽ ስለጠየቀችኝ እንጂ፣ ያን ዳገት የገፋ ሰው ከሐኪም የሚፈራው ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ልተኛ። ስገፋ ሳለሁ ከታች፣ ከጭስ ማውጫው በኩል፣ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ቀኝ ጉልበቴን ሲዳስሰኝ ይሰማኝ ነበር፤ ከግርጌው እስከ ወይራው ድረስ አልተለየኝም። የጥር ፀሐይ በቀትር እንዲህ ነው፤ ሙቀቱን ከአፈሩ መልሶ ይሰጣል።